«መንገድ ላይ ነኝ» ካለኝ ሁለት ቀኑ

ቤቲ_ጀሞ (ሐሙስ፣ ምሽት 1፡40)

በሰሙነ ሕማማት ሰው አይሰደብም ብዬ ሁለት ቀን አፌን ይዤ ነበር። ዛሬ ጉልባኔን እየበላሁ ልተንፍስ።

ማክሰኞ ማታ ፍሪጄ ቆመ። መብራቱ ይበራል፣ ግን አይቀዘቅዝም። ጎረቤቴ የአንድ ጥሩ ነው የተባለ ሠራተኛ ስልክ ሰጠችኝና ደወልኩ። ትሕትናው ልብ ይበላል። «እሺ እህቴ፣ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት እመጣለሁ» አለኝ። ረቡዕ ከሥራ አስፈቅጄ ቀረሁ። ብቻዬን ስለምኖር ጎረቤቴን አብራኝ እንድትቀመጥ ለመንኳት፤ እሷም ሥራዋን ፈታች።

3 ሆነ፣ 4 ሆነ። 4 ተኩል ላይ ደወልኩ። «መንገድ ላይ ነኝ።» 6 ሰዓት ላይ ደወልኩ። «ደርሻለሁ በይው።» 8 ሰዓት ላይ ስልኩ አይነሳም። 11 ሰዓት ላይ ራሱ ደወለና «ይቅርታ እህቴ፣ አንድ ሥራ ይዞኝ ነው፤ ነገ ጠዋት የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ» አለ። ዛሬም ቀረሁ። አለቃዬ ፊቱን አጥቁሮ ነው የፈቀደልኝ፤ «ከዚህ በኋላ የለም» ብሎኛል። ዛሬ ደግሞ የሰውዬው ስልክ ጭራሽ ዝግ ነው።

ነገ ስቅለት ነው፣ የሚሠራ የለም። ቅርጫ ገብተናል፤ እሑድ ጠዋት ሥጋው ይመጣል። ቅቤው ከአሁኑ መቅለጥ ጀምሯል።

ጥያቄዬ ስለ ፍሪጁ አይደለም። ሰው «አልችልም» ቢል ምን ይሆናል? አንድ ቃል ናት። ሁለት ቀኔን ታተርፍልኝ ነበር።


ሚኪ_ገርጂ (ሐሙስ፣ ምሽት 1፡52)

መዝገበ ቃላቱን ላካፍልሽ። «መንገድ ላይ ነኝ» ማለት ነቅቻለሁ። «ደርሻለሁ በይው» ማለት ካልሲ እየፈለግኩ ነው። «ታክሲ አጣሁ» ማለት ሌላ ሰው ቤት ቡና ቀርቦልኛል። «ነገ በጠዋት» ማለት ደግሞ እግዜር ያውቃል።


የሰሚቷ (ሐሙስ፣ ምሽት 2፡03)

ቤቲዬ፣ እኔ ከዚህ በሽታ የዳንኩት እንዲህ ነው። አንድ ሰው አልጠራም። ሦስት እጠራለሁ። ለሦስቱም ተመሳሳይ ሰዓት። ቀድሞ የደረሰው ይሠራል። ባለፈው ለሽንት ቤት ቧንቧ ሦስት ጠርቼ አንዱ ብቻ መጣ። እሱም ሁለት ሰዓት አርፍዶ። አንድ ብቻ ብጠራ ኖሮ ዛሬም ባልዲ ይዤ ነበርኩ።


ቤቲ_ጀሞ (ሐሙስ፣ ምሽት 2፡06)

ሦስቱም ቢመጡስ?


የሰሚቷ (ሐሙስ፣ ምሽት 2፡07)

አይመጡማ።


ባለ_ኮምፕሬሰር (ሐሙስ፣ ምሽት 2፡31)

ፍሪጅ ሠራተኛ ነኝ። 11 ዓመት ሆኖኛል። ቤቲ፣ የምትይው ሰው እኔ አይደለሁም። ብሆንም አይገርመኝም ነበር፤ እኔም ሰው አስጠብቄ አውቃለሁ።

እንዴት እንደሚሆን ልንገራችሁ። ጠዋት 2 ሰዓት አንድ ቤት እገባለሁ። በስልክ የተነገረኝ «ትንሽ ነገር ናት፣ ብቻ አይቀዘቅዝም» ነው። ለትንሿ ነገር አንድ ሰዓት መድቤያለሁ። ስከፍተው የበረዶ ቤቱ ግድግዳ ተበስቷል። በረዶውን በቢላ ፈልፍለውታል። ማን ፈለፈለው? ማንም። በዚያ ቤት ቢላ የነካ ሰው የለም። ጋዙ ወጥቶ አልቋል። እንግዲህ ቀዳዳውን መፈለግ አለ፣ መድፈን አለ፣ ፊልተር መቀየር አለ፣ በቫኪዩም ፓምፕ አየርና እርጥበቱን መሳብ አለ፣ ከዚያ ጋዙን መዝኖ መሙላት አለ። ግማሽ ቀን ሄደ። መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ቫኪዩሙም ቆመ፣ እኔም ቁጭ። የሰው ፍሪጅ ሆዱን ከፍቼ ጥዬ አልሄድም። የ4 ሰዓቷ ደንበኛ ግን እየጠበቀችኝ ነው።

ለምን እውነቱን አልነግራትም? ነግሬ አውቃለሁ። «ከሰዓት ነው የምደርሰው» ስላት «በቃ ተወው» ትላለች። «መንገድ ላይ ነኝ» ስላት ግን ትጠብቃለች። ውሸት ነው፣ አውቃለሁ። የቤት ኪራይ ደግሞ እውነት ነው።

አሁን ወደ ሰሚቷ ልምጣ። እህቴ፣ ሦስት ትጠሪያለሽ ብለሻል። ከእነዚያ ሦስት አንዱ እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ከጀሞ ተነስቼ አያት ሄድኩ። ሦስት ታክሲ ቀያይሬ፣ የጋዝ ሲሊንደር ተሸክሜ፣ 4ኛ ፎቅ ወጣሁ። ኮንዶሚኒየም ሊፍት የለው። በሩን ገርበብ አድርገው «አይ ወንድሜ፣ ጠዋት ሌላ ሰው ሠራው» አሉኝ። ውሃ እንኳን ያቀረበልኝ የለም። ለዚህ ነው በቀን ለአምስት ሰው ቃል የምገባው። ሁለቱ እንደሚመልሱኝ ከልምድ አውቃለሁ። ጉዱ አምስቱም ከልባቸው የጠበቁኝ ቀን ነው።


የሰሚቷ (ሐሙስ፣ ምሽት 2፡40)

አሃ! ስለዚህ ጥፋቱ የኔ ሆነ? አንተ አምስት ሰው ስለያዝክ ነው እኔ ሦስት የምጠራው!


ባለ_ኮምፕሬሰር (ሐሙስ፣ ምሽት 2፡42)

አንቺ ሦስት ስለምትጠሪ ነው እኔ አምስት የምይዘው።


ሚኪ_ገርጂ (ሐሙስ፣ ምሽት 2፡43)

ዶሮና እንቁላል። በጾም።


የሰሚቷ (ሐሙስ፣ ምሽት 2፡49)

እኔ የምናደደው በመቅረቱ አይደለም። እየዋሸ ታማኝ የሚመስለው ድምፁ ነው። ደግሞ እናንተ ስትመጡ ቤቱን ጭቃ በጭቃ አድርጋችሁ፣ በስልክ ያላላችሁትን ዋጋ ጠርታችሁ…


አወያይ (ሐሙስ፣ ምሽት 2፡58)

«እናንተ» ሳይሆን «ያ ሰውዬ» በሉ። ሁለት አስተያየት አንስቻለሁ፤ ስድብ ስለነበረባቸው። የማንንም ድርጅትና የማንንም ሰው ስልክ እዚህ አትለጥፉ።


ነገረፈጅ_ጡረተኛ (ሐሙስ፣ ምሽት 3፡20)

ልጆቼ፣ እኔ የድሮ ሰው ነኝ። አንድ የረሳችሁት ነገር አለ፤ ቀብድ።

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ተጽፏል። ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ሥራው ሲፈጸም ከሂሳቡ ይታሰባል ወይም ይመለሳል። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ልብ በሉ፣ እጥፉን። ሕጉ ሁለታችሁንም እኩል ነው የያዘው፤ አስጠባቂውንም፣ በር ዘጊዋንም።

እናንተ ለቤት ኪራይና ለሰርግ አዳራሽ ቀብድ ትሰጣላችሁ። ፍሪጅ ለሚሠራው ሰው ግን «እሺ»ን ብቻ ትሰጣላችሁ።


ሚኪ_ገርጂ (ሐሙስ፣ ምሽት 3፡24)

ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለ300 ብር ቀብድ ፍርድ ቤት ልቁም? የታክሲው ብቻ ከዚያ ይበልጣል።


ነገረፈጅ_ጡረተኛ (ሐሙስ፣ ምሽት 3፡33)

ክሰስ መች አልኩህ ልጄ። 300 ብር የተቀበለ ሰው ስልክ ያነሳል፤ የከፈለ ሰውም ቤቱ ይገኛል። ሕጉ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ።


ባለ_ኮምፕሬሰር (ሐሙስ፣ ምሽት 3፡41)

ጋሼ ልክ ነዎት። ግን ሞክሬዋለሁ። «ቀድመው 300 ብር በቴሌብር ይላኩልኝ፣ ከሂሳቡ ይቀነሳል» ስል «ሌባ ነህ እንዴ?» ይሉኛል። አይፈረድባቸውም። በስልክ ድምፄን እንጂ እኔን አያውቁኝም። ቀብድ ተቀብሎ የጠፋም አለ።


ሣሮን_ነታኒያ (ሐሙስ፣ ምሽት 4፡10)

ሰላም ከእስራኤል። እዚህ ይሄን ጉዳይ በሕግ አስረውታል። የቴክናይ ሕግ ይሉታል፤ ቴክናይ ማለት ሠራተኛው፣ ቴክኒሺያኑ ነው። የስልክና የኬብል ዓይነት ትልልቅ ድርጅቶች ሠራተኛቸው ከቀጠሮው ከ2 ሰዓት በላይ ከዘገየ 300 ሼቅል፣ 3 ሰዓት ካለፈ 600 ሼቅል ይከፍላሉ። ምን ተጎዳሽ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዘገየ፣ ከፈለ።

ግን አትቅኑብን። እናቴ ዕብራይስጥ በስልክ አይሆንላትም። ፊት ለፊት በእጅም በዓይንም ብላ ትግባባለች፤ ስልክ ላይ ግን አማርኛ ብቻ። ለቴሌቪዥኗ ቀጠሮ ያዝኩላት። ሠራተኛው ከታች ሆኖ ደወለ። እሷ «ሃሎ? ማነው?» አለች። እሱም አንድ ነገር ተናገረና ዘጋው። በመዝገባቸው «ደንበኛዋ አልተገኘችም» ተብሎ ተጻፈ። እናቴ እኮ ቡና አፍልታ፣ ነጠላዋን ለብሳ በረንዳ ላይ ቆማ እየጠበቀችው ነበር። መኪናው ዞሮ ሲሄድ አይታዋለች። 600 ሼቅሉ የታለ? አልተገኘችም ተብሏላ።


የሎንደኑ (ሐሙስ፣ ምሽት 4፡22)

እዚህም ለኢንተርኔትና ለስልክ ብቻ ተመሳሳይ ነገር አለ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኦፍኮም በ2019 ያስጀመረው ነው። ሠራተኛው ሳይመጣ ሲቀር 25 ፓውንድ ነበር ሲጀመር፤ በእቅዱ የገቡት ድርጅቶች ሳይጠየቁ ነው የሚከፍሉት። እኔ አንዴ ደርሶኛል። ቧንቧ ሠራተኛዬ ግን ሲቀር ቀረ ነው። ሕጉ ኩባንያውን እንጂ ብቻውን የሚሮጠውን ሰው አያገኘውም።


ከዲሲ_ለእረፍት (ዓርብ፣ ንጋት 12፡15)

እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው፤ ሰዓቱ ገና አልተስተካከለልኝም። ደግሞ የምናገረው ስለ ሰዓት ነው።

የእናቴ ቤት ቦይለር ተበላሽቶ ሠራተኛ ፈለግኩ። በቴክስት «ነገ 9፡00» ብዬ ላክሁ። «እሺ» አለ። ጠዋት ጠበቅኩት፣ የለም። ደወልኩና ያላልኩት የለም። «አገሪቱ የማታድገው በእናንተ ነው» ሁሉ ብዬዋለሁ። ዝም ብሎ ሰማኝ። በቀኑ 9 ሰዓት፣ አንዲት ደቂቃ ሳያዛንፍ፣ በሩን አንኳኳ። እናቴ ከት ብላ ሳቀች። እኔ የት ልግባ?

20 ዓመት አሜሪካ ስኖር ሰዓቴ ተገለበጠ። የሰውዬው ግን ቦታው ላይ ነበር። ሬዚስታንሱን ቀየረና ሄደ። አንድ ቃል አልተናገረኝም። ምነው በተናገረኝ።


እመቤት_ብሬከር (ዓርብ፣ ከሰዓት 10፡50)

ከስግደት ገብቼ ነው ያነበብኩት። ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ሌቭል 3፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ ሲኦሲንም አልፌያለሁ። እኔ አላረፍድም። ወንድ ሲያረፍድ «ሥራ ይዞት ነው» ይባላል፤ እኔ ባረፍድ «ድሮም ሴት» ነው የሚባለው።

እና በሰዓቴ እደርሳለሁ። በሩ ይከፈታል። በትከሻዬ አሻግረው ያያሉ። «ባለሙያውስ?» ይሉኛል። «እኔ ነኝ» እላለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ያስገባል። አንድ ሰውዬ ግን «ባለቤቴ እስኪመጣ» ብሎ በር ላይ ሊያስቆመኝ ሞከረ። ሚስቱ ናት የደወለችልኝ። መብራቱ አንዴ ፏ፣ አንዴ ድርግም ይል ነበር። ገብቼ ሳይ ኒውትራሉ፣ የመመለሻው ሽቦ፣ ላልቷል። በሦስት ፌዝ ቤት ኒውትራል ከላላ 220 መሆን ያለበት ቮልቴጅ ያለ ልክ ይወጣል፤ ቲቪውንም ፍሪጁንም ይጠብሰዋል። አጠበቅኩት። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። «ለሃያ ደቂቃ ይሄን ያህል?» አለኝ። ሙሉ ቀን ብፈጅበት ኖሮ ደስ ይለው ነበር መሰለኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ የቀረሁባቸው ቀጠሮዎችም አሉ። ሰውዬው በስልክ ሲያወራኝ ድምፁ ካልጣመኝ፣ ቤቱ ማን እንዳለ ስጠይቀው «እኔ ብቻ» ካለ፣ አልሄድም። ቀርቻለሁ ብዬም አልደውልም። እሱም ምናልባት አንድ ቦታ «ቀረችብኝ» ብሎ እየጻፈ ይሆናል።


ቤቲ_ጀሞ (ዓርብ፣ ምሽት 1፡15)

እመቤት፣ ይሄን አስቤው አላውቅም። እኔ እንግዳ ወንድ ቤቴ ሲገባ ጎረቤት አስቀምጣለሁ። አንቺ ወደ ሰው ቤት ስትገቢ ማንን ታስቀምጫለሽ?


ባለ_ኮምፕሬሰር (ዓርብ፣ ምሽት 1፡40)

ቤቲ፣ ሁላችንም አወራን እንጂ ስለ ፍሪጅሽ የጠየቀሽ የለም። ሦስት ነገር ልጠይቅሽ። ከኋላ በታች ያለው ኮምፕሬሰር ድምፅ አለው? ከስታብላይዘር ጋር ነው የተሰካው? ከጀርባው ወይም ከውስጥ ያለውን ስቲከር አንብቢልኝ፤ የጋዙ ዓይነት ተጽፎበታል።


ቤቲ_ጀሞ (ዓርብ፣ ምሽት 1፡58)

ድምፁ በየጥቂት ደቂቃው «ጠቅ» ይላል፣ ትንሽ ያጉረመርማል፣ ይተዋል። ስታብላይዘር አለው፤ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ይላል። ስቲከሩ አር 600 ኤ ይላል።


ባለ_ኮምፕሬሰር (ዓርብ፣ ምሽት 2፡10)

«ጠቅ» ካለ ለመነሳት ሞክሮ አቅቶት ነው። ወይ ቮልቴጁ ወርዷል፣ ወይ ማስነሻው፣ ሪሌው፣ ተቃጥሏል። ኮምፕሬሰሩ ራሱ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። ሪሌ ከሆነ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ለጊዜው ንቀይው። ደግመሽ ስትሰኪው ቢያንስ አምስት ደቂቃ ቆይተሽ ይሁን፤ ውስጡ ያለው ግፊት እኩል ካልሆነ አይነሳም። እና አደራ፣ ማንም ቢመጣ አር 600 ኤ ያለበት ፍሪጅ ላይ አር 134 ኤ ልሙላ ካለ እንዳትፈቅጂ። 600ው ደግሞ ተቀጣጣይ ነው፤ አጠገቡ እሳት የሚለኩስ ሰው ካየሽ ከቤት አስወጪው።

ይሄን ለዚያ ሰው በስልክ ብትነግሪው ሪሌውን በኪሱ ይዞ ይመጣ ነበር። ባይጠይቅሽ ጥፋቱ የሱ ነው። እኛ መጠየቅ አንወድም፤ የማናውቅ ይመስለናል።


ቤቲ_ጀሞ (ዓርብ፣ ምሽት 2፡14)

ወንድሜ፣ ነገ አንተ ና በቃ። የጠየቅከኝን እከፍላለሁ። ቀብዱን አሁን ልላክ?


ባለ_ኮምፕሬሰር (ዓርብ፣ ምሽት 2፡21)

ነገ የበዓል ዋዜማ ነው። አራት ቤት ይዣለሁ፣ አንዱ ሥጋ ቤት ነው፤ እሱን ብተው ሰፈሩ አይለቀኝም። «እሺ እህቴ፣ ነገ ማታ» ልልሽ እችል ነበር። አልችልም።


ቤቲ_ጀሞ (ዓርብ፣ ምሽት 2፡23)

ይኸው «አልችልም» ተባልኩ። የጠየቅኩት እሱን ነበር አይደል። ሥጋውን ምን ላድርገው ታዲያ?


የሰሚቷ (ዓርብ፣ ምሽት 2፡25)

ቋንጣ!


ሚኪ_ገርጂ (ዓርብ፣ ምሽት 2፡26)

ቋንጣ።


ነገረፈጅ_ጡረተኛ (ዓርብ፣ ምሽት 2፡50)

በርበሬና ጨው አብዢበት። ዝንብ እንዳይነካው በነጭ ሻሽ ሸፍኚው። እኛ ፍሪጅ ሳይኖር ነው ያደግነው።


ቤቲ_ጀሞ (እሑድ፣ ምሽት 12፡30)

እንኳን አደረሳችሁ። በረንዳዬ ላይ የልብስ ገመዱ በሙሉ ቋንጣ ነው። ልብሴን ሶፋ ላይ አስጥቻለሁ። የሦስተኛ ፎቅ ድመት ከጠዋት ጀምሮ አልተኛችም።


ቤቲ_ጀሞ (ሰኞ፣ ምሽት 1፡10)

ሰውዬው ደወለ! ስልኬ ወድቆ ተሰብሮ ነበር አለ። ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ነገ 3 ሰዓት አለኝ። ስለ «ጠቅታው» ነገርኩት። «አሃ፣ እንግዲያው ሪሌ ይዤ እመጣለሁ» አለ። ባለ ኮምፕሬሰር፣ አመሰግናለሁ። ነገ በጠዋት ቢሮ ደርሼ ፈርሜ ከ3 በፊት እመለሳለሁ።


የሰሚቷ (ማክሰኞ፣ ረፋድ 5፡00)

እህስ? መጣ?


ሚኪ_ገርጂ (ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8፡15)

ዝምታዋ አላማረኝም። 500 ብር አስይዛለሁ፣ ቀርቷል።


ቤቲ_ጀሞ (ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡05)

ልናገርና ስደቡኝ።

መጣ። 3 ከ5 ላይ። ጥበቃው ነው የነገረኝ። የዕቃ ሳጥኑን ይዞ፣ ሪሌውን በኪሱ ይዞ።

እኔ አልነበርኩም። ፈርሜ ልወጣ ስል አለቃዬ ስብሰባ ጠራ። «ከዚህ በኋላ የለም» ያለኝን አስታውሼ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ስልኬ ድምፁ ጠፍቷል። ከጠረጴዛ ስር ሳየው አራት ያልተነሳ ጥሪ አለ፤ «እህቴ በር ላይ ነኝ» የሚል መልእክትም አለ። ጎረቤቴ ዛሬ ሥራ ገብታለች፣ ቁልፍ የለም።

ምን ብዬ መለስኩለት መሰላችሁ? «መንገድ ላይ ነኝ።»

ስብሰባው ውስጥ ቁጭ ብዬ። እጄ ሳያስበው ጻፈው። አንድ ሰዓት ያህል ጠብቆኝ ሄደ።


ባለ_ኮምፕሬሰር (ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡12)

የታክሲውን ላኪለት።


ቤቲ_ጀሞ (ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡40)

300 ብር በቴሌብር ላክሁለት፣ ይቅርታ ብዬ። ለአሥር ደቂቃ ያህል ዝም አለ። ከዚያ «እሺ እህቴ። ሐሙስ» ብሎ ጻፈ።

በስንት ሰዓት እንደሆነ አልነገረኝም። እኔም ለመጠየቅ አፈርኩ።